ለበሽተኛ አልጋ ዳር የሚሆን ቀለል ያለ ዕቃ፦ ትንሽ ሃርፕ ይምጣልኝ ወይስ እዚሁ ጎንደር ላሠራ?

የማራኪዋ፦

ሰላም ለቤቱ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

የጽዋ ማኅበራችን ከወር ወር በሽተኛ ይጠይቃል። ሆስፒታል የተኙትንም፣ ቤት አልጋ የያዙትንም። እኔ ደግሞ በገና እማራለሁ። አንዲት የሰፈራችን እናት ስትሮክ መቷቸው አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ እንቅልፍም ጠፍቶባቸው ነበርና «እስቲ ያንን የምትማሪውን አምጪና ደርድሪልኝ» አሉኝ። ደረደርኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና ማንኮራፋት ጀመሩ፣ ልጃቸው ሳቋን መያዝ አቃታት። ወሬው ዞረና አሁን በሄድንበት ሁሉ «ባለ በገናዋስ የት ቀረች?» ነው።

ችግሬ ዕቃው ነው። በገናዬ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ባጃጅ ስሳፈር ቀንበሩ (ክሩ የሚታሰርበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት) በጎን ወጥቶ ነው የምንሄደው፣ ሹፌሩም የሁለት ሰው ያስከፍለኛል። ሆስፒታል ሲሆን ጣጣው ሌላ ነው። በአልጋና በአልጋ መሃል ያለችው ቦታ አንድ ሰው ብታሳልፍ ነው፣ እሷም ላይ አስታማሚ ጋቢውን አንጥፎ ጋደም ብሏል፣ ፔርሙዝና ፌስታል ተደርድሯል። ቀንበሩ የግሉኮስ መስቀያውን እንዳይነካ አንድ ዓይኔ እዚያ ላይ ስለሆነ ጣቶቼ ምን እንደሚሠሩ እንኳ አላውቅም።

እህቴ አሜሪካ ናት፣ ለፋሲካ ትመጣለች። ፈረንጆቹ በሽተኛ ራስጌ ተቀምጠው የሚጫወቷትን ትንሽዬ ሃርፕ በቪዲዮ አይቼ ብነግራት «በቃ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለች። እሷ እንደሆነች ከተናገረች አትመለስም። እኔ ግን ገንዘቧ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ፈራሁ።

እና ስንት ክር ይበቃኛል? ስንት ኪሎ ቢሆን ነው ጉልበት ላይ የማይከብደው? ከሁሉ በላይ የእኛን ቅኝት ይጫወታል ወይ? አንድ ነገር ቢሆንስ ጎንደር ውስጥ ማን ይነካዋል? ወይስ እዚሁ አጠር ያለ በገና ላሠራ? ክራርም አስቤ ነበር፣ ግን የማኅበሩ ትልልቅ ሰዎች «የዘፈን ዕቃ ይዘሽ በሽተኛ ጋ?» ማለታቸው እንደማይቀር አውቃለሁ።

የምታውቁ ንገሩኝ። የማታውቁም አበረታቱኝ።


ዋንዛ እንጨት፦

እህቴ ሰላም ነሽ? እኔ ክራርና በገና ሠርቼ ነው የምበላው፣ ስለዚህ ምክሬ ወደ ኪሴ ያደላ ከመሰለሽ አልቀየምም።

መጀመሪያ አጭር በገና የምትይውን ከሐሳብሽ አውጪው። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ሁሉንም እምቢ ነው የምለው። በገናን በገና ያደረገው ርዝመቱ ነው። ያ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ የሚመጣው ጅማቱ ረጅምና ወፍራም ስለሆነ ነው። ታሳጥሪውና ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ክሩን ታጠብቂዋለሽ፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ወይ ላላ አድርገሽ ትተዪዋለሽ፣ ያኔ ክሩ ይዋልላል፣ ቅኝትም አይይዝ። መጨረሻው በገና የሚመስል ደካማ ክራር ነው። ከዚያማ ደህናውን ክራር መሥራት ይሻላል።

አልጋ ዳር ለሚሆን ክራር ካልሽ እንዲህ ነው። ገበቴው (ድምፁ የሚወጣበት ሆዱ) የዋንዛ እንጨት ይሁን፣ በደንብ ተቦርቡሮ ጎኑ የሳሳ። የብረት ሳህን የተገጠመለትን እንዳትገዢ። ርካሽ ነው፣ ድምፁ ግን ይጮኻል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝና ጭንሽ ላይ ሲያርፍ ያስበረግጋል። ክሩ ናይለን ይሁን። የጊታር ናይለን ክር ጥሩ ነው፣ ወፍራሙን ለታች፣ ቀጭኑን ለላይ። የብረት ክር ለሠርግና ለመድረክ ነው፣ አራት ግድግዳ ውስጥ የታመመ ሰው ጆሮ አጠገብ አይሆንም። መቃኛውን በተመለከተ፣ ድሮ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ እየጠመጠሙ ነው የሚወጥሩት፣ ሲያዩት ያምራል፣ ግን በየአሥር ደቂቃው ይላላል። የጊታር መቃኛ ይገጠምልሽ። ትንሽ ክብደት ይጨምራል፣ ቢሆንም ዋርድ ውስጥ ገብተሽ ጢው ጢው እያልሽ ከምትቃኚ ይሻላል።

እንዲህ ሆኖ ሲሠራ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም። ማንገቻ ካለው ቆመሽም ትጫወቺዋለሽ።

እንከኑንም ልንገርሽ። ክራር ላይ የምወጥረው የፍየል ቆዳ ነው፣ ቆዳ ደግሞ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጣል፣ ይላላል፣ ድምፁ ይሞታል። በሐምሌና በነሐሴ የጎንደርን ዝናብ የምታውቂው ነው። ከምድጃ ራቅ አድርገሽ ደረቅ ቦታ ስቀዪው። እሳት ዳር አስጠግተው ቆዳውን ሰንጥቀው የሚያመጡልኝ አሉ፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ከውጭ ስለሚመጣው ሃርፕ አላውቅም፣ ስለማላውቀው አላወራም። ክሩ ቢበጠስ የጊታር ክር አስገብቼ ለጊዜው ላስነሣው እችላለሁ። ሆዱ ቢሰነጠቅ ግን እንዳታመጪብኝ።


ሲስተር ከአዘዞ፦

ነርስ ነኝ፣ ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ዋርዱ ልናገር።

እህቴ፣ ሥራሽ ደስ ይላል። ግን ዕቃ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር ልብ በዪ። በሽተኛው ፊቱን ልታዪው ይገባል። ፊቱን የሚከልልብሽ ዕቃ ምንም ቢያምር አይሆንም። ግንባሩን ሲቋጥር፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ እጁን ሲያወራጭ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር፣ እነዚህ ሁሉ «በቃኝ» ማለት ናቸው። መናገር የሚችለውማ ይነግርሻል፤ የማይናገረው ነው ጣጣው።

ሳትጠይቂ እንዳትገቢ። የዋርዱን ኃላፊ ነርስ ጠይቂ፣ ቀጥሎ በሽተኛውን፣ ከዚያ አጠገቡ የተኛውን። ሦስተኛውን ሰው ሁሉም ይረሳዋል። አንዱ ሲደሰት ጎረቤቱ ቀዶ ጥገና ወጥቶ ራሱን እያመመው ሊሆን ይችላል። ዶክተሮች ራውንድ ላይ ሲሆኑ ወይ መድኃኒት ሲታደል አትምጪ፣ እኛም እንነጫነጫለን።

ጭራሽ የማይደረደርለት በሽተኛም አለ። መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለቴ ቴታነስ የያዘው ሰው ድንገተኛ ድምፅ፣ ብርሃን፣ መነካካት ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ለዚህ ብለን ነው ጸጥ ያለና ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ የምናስተኛው። እዚያ በር ላይ ሆነሽም ቢሆን አንድ ክር እንዳትነኪ። ማጅራት ገትር የያዘው ሰውም ብርሃንና ድምፅ ያስቸግረዋል። የሳምባ ነቀርሳ በሽተኞች የተለዩበትን ክፍል ደግሞ ለራስሽም ለዕቃሽም ብለሽ ተዪው።

ንጽሕናን በተመለከተ በገናም ክራርም ያው ናቸው። ቆዳና ጅማት በአልኮል አይወለወልም፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ላይ ያለው ቫርኒሽም በአልኮል ይነሣል። ስለዚህ ዕቃውን ሳይሆን እጅሽን ነው የምታጸጂው፣ ከእያንዳንዱ አልጋ በፊትና በኋላ። ሳኒታይዘሩ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ አለበለዚያ ክሩ ላይ ይቀራል። ጉልበትሽ ላይ ንጹሕ ነጠላ ወይም ፎጣ አንጥፊ፣ ዕቃው እዚያ ላይ ይረፍ፣ ስትመለሺ ታጥቢዋለሽ። አልጋው ላይ አታስደግፊው። በሽተኛው ልንካው ቢል ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅ ነበር፣ አንድ ልጅ ግን ክራር ላይ ጣቱን አድርጎ ሲስቅ አይቼ ዝም አልኩ፤ ኋላ እጁንም ክሩንም ጠረግን፣ አለቀ።

አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን በይሉኝታ ነው የሚሰሙሽ።


ሜሪላንድ ያለሁት፦

ጎንደሬ ነኝ፣ ልደታ ሰፈር ያደግሁ። እዚህ ሆስፒስ (ሊድኑ የማይችሉ በሽተኞች የሚታገዙበት ቤት) ውስጥ በፈቃደኝነት ትንሽ ሃርፕ እጫወታለሁ፣ ስለዚህ ከእህትሽ ጋር ስትነጋገሩ እንዲጠቅማችሁ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መድረክ ላይ የምናየው ትልቁ ሃርፕ 47 ክርና 7 ፔዳል አለው፣ ክብደቱም ከ35 ኪሎ በላይ ነው፣ እሱን እንተወው። አልጋ ዳር የሚጫወቱ ሰዎች የሚይዙት ጉልበት ላይ የሚቀመጠውን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 26 ክር። እዚህ ብዙ ሰው የሚገዛው ሃርፕሲክል የሚባለው 26 ክር አለው፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም ከሥሩ ዱላ ቢጤ ተገጥሞለት ጭን ላይ ይቆማል። ማንገቻውን አትናቂ። ሁለት ኪሎ ተኩል ሲሰሙት ቀላል ነው፣ ግን ዕቃውን በግራ ክንድሽ ደግፈሽ በዚያው እጅ ክር መንካት ካለብሽ ከሦስተኛው አልጋ በኋላ ትከሻሽ ይነግርሻል።

ስለ ቅኝት። ይኼ ነው ዋናው ነገር፣ ሻጮቹ ደግሞ አይነግሩሽም፣ አያውቁትማ። በዶ ሜጀር፣ ማለትም ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ተብሎ የተቃኘ ሃርፕ ላይ ከዶ ተነሥተሽ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብትይ ትዝታ ነው። ከላ ተነሥተሽ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ብትይ ትዝታ ማይነር ነው። ባቲ ከፈለግሽ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል ከሚ ይነሣል፦ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። እስካሁን አንድም ነገር መቀየር አያስፈልግም፣ የማያስፈልጉሽን ክሮች መዝለል ብቻ ነው። ዶ ቀይ፣ ፋ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቀለም ስላላቸው ጣትሽ ቶሎ ይለምደዋል።

አንቺሆዬ ላይ ስትደርሺ ግን ትቆሚያለሽ። ከሲ ተነሥተሽ ሲ ዶ ሚ ፋ ካልሽ በኋላ የሚመጣው ሶል ሳይሆን ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ሶል ነው። ለዚህ ሌቨር ያስፈልጋል፣ ከክሩ ራስጌ ያለች ትንሽ ማንሻ ናት፣ ስታነሺያት ክሩን ግማሽ ድምፅ ከፍ ታደርገዋለች። ርካሹ ሞዴል ሌቨር የለውም። መካከለኛው ዶና ፋ ላይ ብቻ አለው፣ ለፈረንጅ ዘፈን ይበቃል፣ ለአንቺሆዬ ግን አይጠቅምሽም። በገና የምትደረድሪ ሰው አንቺሆዬን ትተሽ ልትኖሪ አትችዪምና እህትሽ ከገዛች ሁሉም ክር ላይ ሌቨር ያለውን ትግዛ። የዋጋው ልዩነት ግን ያማል።

ሌላም አማራጭ አለ። ለሕፃናት ተብላ የምትሠራ ሰባት ክር ያላት ትንሽ ሃርፕ አለች፣ ሬ ሚ ሶል ላ ሲ ሬ ሚ ተብላ ነው የምትቃኘው። ከሶል ብትነሺ ትዝታ ነው። እጅ ላይ የምትያዝ ናት፣ የተሳሳተ ድምፅ የሚባል የላትም፣ በሽተኛው ራሱ ቢነካካትም ያምራል። ለአንቺ ግን ቶሎ ትሰለችሻለች ብዬ እፈራለሁ።

ጥንቃቄ፦ የመቃኛ ቁልፏ ከጠፋች ጎንደር አታገኚያትም፣ ሁለት ትያዝ፣ አንዷን ለሌላ ሰው ስጪ። ሙሉ የክር ስብስብ መለዋወጫም ትያዝ። አዲስ ናይለን ክር ለሳምንታት እየተለጠጠ ይወርዳል፣ ስለዚህ ይዛ እንደመጣች ሆስፒታል አትሩጪ። ከዚህ እርጥበት ወጥቶ በጥር ወር የጎንደር ደረቅ አየር ውስጥ የገባ ሃርፕ ሆዱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እርጥብ ስፖንጅ የተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጪ። አውሮፕላን ላይ ሻንጣ ክፍል እንዳትሰጠው፣ ከመግዛቷ በፊት አየር መንገዷን ስለ መጠኑ ትጠይቅ።

አጨዋወቱም ትንሽ ይለያል። በሽተኛው ትንፋሹ ፈጣን ከሆነ በዚያው ፍጥነት ጀምረሽ ቀስ በቀስ ታወርጂዋለሽ፣ ትንፋሹ ከተከተለሽ ተከተለሽ፣ ካልተከተለሽም አታስገድጂውም። ነፍሱ ልትወጣ የተቃረበ ሰው ጋ ሲሆን ደግሞ ይህን የተማሩት ሰዎች የታወቀ ዜማ ባይሆን ይመርጣሉ፣ ምቱም የላላ ይሁን ይላሉ፣ ትዝታ ጎትቶ እንዳያቆየው። ይህን ትምህርት አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋችው ቴሬዝ ሽሮደር ሼከር የምትባል ሃርፕ ተጫዋች ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሞንታና ውስጥ ሚዙላ ከተማ ባለ ሆስፒታል ታስተምር ነበር። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እዚህ አንዲት ኤርትራዊት እናት በመጨረሻዋ ሰዓት የሠርጓን ዘፈን ነው የጠየቀችኝ። ተጫወትኩላት።


ደርዳሪው፦

ሁላችሁም ደህና ብላችኋል፣ ግን በገናን ቶሎ ገፋችሁት። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት የደረደረለት ምን ይዞ ነበር? አንደኛ ሳሙኤል 16 ላይ ነው። አልጋ ዳር የመደርደር ነገር ከአሜሪካ አልመጣም ለማለት ያህል ነው።

እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ልጨምር፣ እህታችን አስባበት እንደሆነ አላውቅም። በእኛ አገር በገና የዐቢይ ጾም ድምፅ ነው። ሬዲዮው በገና ሲያሰማ ሁዳዴ መግባቱን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ንስሐ ነው፣ ሞትን ማሰብ ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ኦፕራሲዮን ሊገባ የሚጠብቅ ሰው ራስጌ ቁጭ ብለሽ ያንን «ዝዝዝ» ስታሰሚው ግን «ምነው፣ ሐኪሙ ያልነገረኝ ነገር አለ እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። እኔን አንድ አባት «ልጄ፣ ገና ነኝ እኮ» ብለውኛል።

ስለዚህ በገናውን ለሚጠይቅሽ ሰው አድርጊው። ቤት ውስጥ፣ ቦታ ባለበት፣ እንደዚያች ስትሮክ እንደመታቸው እናት ያለ ሰው ጋ። «ዝዝታው» የሚበዛበት ሰው ካለ በርኩማው (ክሩ የሚያርፍበት እንጨት) ላይ ከክሩ ሥር የምትገባውን የቆዳ እንዚራ ከሁለት ሦስት ክር ላይ አውጪያት፣ ድምፁ ይጠራል፣ ይለሰልሳልም። አሥሩንም ክር አትነካኪምና ብዙ ሥራ አይደለም።

ክራርን በተመለከተ የማኅበርሽ ትልልቅ ሰዎች የሚሉትን ሰምቼዋለሁ፣ እኔም ቤት ተብሏል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዘሽ አትገቢም፣ በዚህ ልክ ናቸው። ሆስፒታል ግን ቤተ መቅደስ አይደለም። አጠገቡ ያለው በሽተኛ ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ ጴንጤ ሊሆን ይችላል፣ ጎንደር ነው ያለነው። በገና ይዘሽ ስትገቢ አንዱን ታጽናኛለሽ፣ ሌላውን ደግሞ እንግዳ ታደርጊዋለሽ። በክራር ቀስ ያለ ትዝታ ቃል ሳይገባበት ስትደረድሪ ማንም የእኔ አይደለም አይልም። ለትልልቆቹም ይህንኑ በዪአቸው። እምቢ ካሉ አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ፣ ቁጭ ብለው ይስሙ።


ቅዳሜ ገበያ፦

ማሲንቆስ ለምን ተረሳ? አንድ ክር፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ ጎንደር ደግሞ የአዝማሪ አገር!


ዋንዛ እንጨት፦

ወንድሜ ማሲንቆ ደጋን አለው፣ ደጋን ደግሞ ክርን ይፈልጋል። በዚያች ጠባብ ቦታ ክርንህን ስትገፋ ግሉኮሱን ትነቅለዋለህ። ድምፁም ያስለቅሳል፣ በሽተኛው እንዲተኛ ነው እንጂ እንዲያለቅስ አልተፈለገም። ደግሞ ሰው ማሲንቆ ሲያይ ግጠምልኝ ማለቱ አይቀርም፣ እህታችን ግጥም ትችያለሽ?


የማራኪዋ፦

ግጥም አልችልም፣ እሱ ተዘጋ።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ የቴታነሱን ነገር ስላነሣሽው አመሰግናለሁ፣ ለማኅበሩ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፣ እኔ ባልደረድርም እዚያ በር ላይ ቆመው የሚያወሩ ስላሉ። ደርዳሪው፣ «ገና ነኝ እኮ» ያሉህ አባት ያሳቁኝም ያሳሰቡኝም ናቸው። እውነትም አንዳንዱ ሰው በገናውን ሲያይ ፊቱ የሚለወጠው ለዚህ ኖሯል።

ከእህቴ ጋር ተነጋገርን። ሃርፑ በዚህ ፋሲካ አይመጣም። ሌቨር ሁሉም ክር ላይ ያለውን ዋጋ ስትሰማ ለአፍታ ዝም ብላ «ቆይ እስቲ» አለች፣ እሷ «ቆይ እስቲ» ካለች ሁለት ዓመት ነው። በምትኩ ከናይለን ክር አምስት ስድስት ስብስብ፣ ደህና የጊታር መቃኛ፣ ክራሩ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ቱነር (ክሩ መቃኘቱን የሚያሳይ መሣሪያ) ታመጣለች፣ እሱ ዋርድ ውስጥ ጫጫታ ቢኖርም ከእንጨቱ ንዝረት ነው የሚያነበው ብለውኛል። ክራሩን እዚሁ አሠራለሁ። ትልልቆቹን እኔ እችላቸዋለሁ፣ ካልቻልኩም ደርዳሪው እንዳለው ይዣቸው እሄዳለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዋንዛ እንጨት፣ አምስት ክር ይሁን ስድስት?


ሜሪላንድ ያለሁት፦

ጥሩ ወስነሻል፣ ግን ሃርፑን ጨርሰሽ አትተዪው። ክራር ላይ አምስት ስድስት ድምፅ ነው ያለሽ፣ አንድ ሰው ጋ ሃያ ደቂቃ ስትቀመጪ አንዳንዴ ያልቅብሻል፣ ወፍራሙ ድምፅም ይጎድልሻል። ሃርፕ ላይ ሦስት ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው አንድ ኦክታቭ ነው) ከምናምን አለ፣ ወፍራሙን ክር አንዴ ነክተሽ እስኪጠፋ መጠበቅ ብቻውን ይበቃል። ክራሩን ለምደሽ እጅሽ ሲጠብብሽ ያኔ ጻፊልኝ፣ እዚህ ያገለገለ በደህና ዋጋ ይገኛል፣ እኔ አይቼልሽ እልካለሁ።


ዋንዛ እንጨት፦

ስድስት ይሁን። ስድስተኛው የመጀመሪያውን በኦክታቭ ይደግምልሻል፣ ዜማው ወጣ ሲል መውጫ አይቸግርሽም። ሜሪላንድ ያለው እውነቱን ነው፣ ወፍራም ድምፅ ይጎድላል፣ ስለዚህ ገበቴውን ጥልቅ አድርጌ እቦረቡርልሻለሁ፣ በገና አይሆንም፣ ግን ትንሽ ሆድ ይኖረዋል።

እህትሽ መቃኛውን ስትገዛ ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ብረት ላይ የተያያዘውን ሳይሆን አንድ አንዱ የተለያየውን ትግዛ። የተያያዘው ቀንበሩ ላይ አይገጥምልኝም። ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ ሆስፒታል የምትቀመጪበት ወንበር ላይ ሆነሽ ከጉልበትሽ እስከ አገጭሽ ያለውን በሜትር ለኪና ላኪልኝ። በርጩማ ላይ ከሆነ የምትቀመጪው እሱንም ንገሪኝ፣ ልኩ ይለያያል። ቆዳውን ከጾም ፍቺ በፊት አልወጥርም፣ አሁን ፍየል የሚያርድ የለም።